ቢላውን ተቀብለን መርፌውን የጣልን

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ተረኛ ነበርኩ። ለድንገተኛ ኦፕራሲዮን ተጠርቼ፣ ሥራዬን ጨርሼ ወደ ማረፊያችን ስመለስ መንገዴ በቀዶ ሕክምና ዋርድ በኩል ነበር። ከበሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ያሉትን ሴትዮ አወቅኋቸው፤ ጠዋት ሰመመን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ግራ ጡታቸው ከነብብታቸው እጢዎች ተነሥቷል። ዋርዱ ሁሉ ተኝቷል፣ እሳቸው ግን ጣሪያውን ያያሉ። ግራ ክንዳቸውን ከጎናቸው ጋር አጣብቀው በቀኝ እጃቸው ደግፈውታል፤ ሕፃን የታቀፈ ሰው ይመስላሉ። እህታቸው ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ እንቅልፍ ወስዷታል።

«እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ።»

«አያምዎትም?»

ትንሽ ቆዩና፣ «እንግዲህ የተቆረጠ ሥጋ አይደል ልጄ፣ ምን ይደረግ» አሉኝ።

ካርዳቸውን አነሣሁት። በራሴ እጅ ጽሕፈት ትራማዶል የተባለ የህመም ማስታገሻ ታዟል፤ ከአጠገቡም «ሲያስፈልግ» የሚል ትእዛዝ አለበት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አንዴ ተወግተዋል፣ ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡ ባዶ ነው። ነርሷን ለምን እንዳልጠሩ ጠየቅኋቸው። «ልጅቱ ከማታ ጀምሮ ስትሯሯጥ አላረፈችም፤ አሳዘነችኝ» አሉ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የነገሩን ጥፋት በነርሷ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር፤ ግን ብቻዋን ያን ሁሉ አልጋ ይዛ ነበርና ሰው አይፈርድባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሙያ ባልደረቦቼም ነው። ጡት ለሚነሣላት ሴት የሌሊቱን ህመም የምናስብላት ህመሙ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያውም ከጠየቀች። ከዚህ ልማድ ጀርባ ደግሞ ብዙዎቻችን ሳንናገረው የምናምነው ነገር አለ፦ ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ህመም ያለና የነበረ ነው፣ ይቻላል፣ ያልፋል፤ ነርቭ ብሎክ የሚሉት ነገር ደግሞ መሣሪያ የተረፋቸው አገሮች ቅንጦት ነው። ይህ መጣጥፍ በሁለቱም ላይ የተጻፈ ክስ ነው።

«ሲያስፈልግ» በምትባለው ቃል ልጀምር፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ውስጥ ነውና። ወረቀት ላይ ስትታይ ቸር ናት። ህመም ካለ መድኃኒትም አለ ትላለች። ዋርድ ውስጥ ስትገባ ግን ትርጉሟ ይለወጥና «ካልጠየቅሽ አታገኚም» ማለት ትሆናለች። ታዲያ የሚጠይቀው ማነው? ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ የተሰበረ ጎረምሳ ይጮኻል፣ ዋርዱን ያናውጣል፣ ይወጋል። የሃምሳ ዓመት እናት አትጮኽም። ሰው ማስቸገር ነውር እንደሆነ አውቃ ያደገች ናት። ጡቷን ያጣችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ስለ ጡት ጮክ ብሎ ማውራት ራሱ ያሳፍራታል። አጠገቧ ያለው አስታማሚም «አይዞሽ፣ ቻይው» ይላታል፤ ፍቅሩን የሚገልጽበት ሌላ ቃል የለውማ። አንዳንዴ ከእኛው ወገን የሚወጣ የባሰ ቃል አለ፦ «ምጥ የቻለች ይሄን አትችልም?» ይህን አባባል በነጭ ጋውን ውስጥ ካለ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ምጥ መጨረሻው ልጅ ነው። የዚህኛው መጨረሻ ጎደሎ ደረትና ገና የሚጠበቅ የላቦራቶሪ ውጤት ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርታለን። እኒያ እናት ምኑን ሸሸጉ? ክንዳቸው ይናገር ነበር፣ ጣሪያው ላይ የተተከለው ዐይናቸው ይናገር ነበር። «ደህና ነኝ» ማለታቸው የሰላምታችን ወግ ነው፤ በዚህ አገር ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚያወራው። ይህን የማያውቅ የውጭ ሐኪም ቢሆን ይቅር እለዋለሁ። እኔ ግን እዚሁ ነው ያደግሁት።

አንድ የማከብረው ሰው በዚህ ነገር ላይ ሲከራከረኝ ትዕግሥት የሕዝባችን ሀብት ነው አለኝ። መከራን መቻል ከእምነታችን የመጣ ነው፣ አንተ ደግሞ በመርፌ ልታፈርሰው ትፈልጋለህ ዓይነት ነገር። መልሴ አጭር ነው። ጾም ማለት እንጀራ እያለ መተው ነው። እንጀራ የሌለውን ሰው ጾመኛ አንለውም፤ ተራበ ነው የምንለው። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ጉልበቷ እስኪዝል የምትሰግድ ሴት ፈቅዳ ነው። ከኦፕራሲዮን ክፍል ስትወጣ ግን ማንም ምርጫ አልሰጣትም። ምርጫ የሌለበትን ነገር በትዕግሥት ስም መጥራት የእኛን ስንፍና በእሷ ጽድቅ መሸፈን ነው።

አሁን ወደ ራሱ ብሎክ ልግባ። ጥርሱን የተነቀለ ሰው ሁሉ ብሎክን ያውቀዋል። የጥርስ ሐኪሙ የታችኛውን መንጋጋ ጥግ አንዴ ይወጋል፣ ከዚያ ግማሽ ከንፈር፣ ግማሽ አገጭ እንደ እንጨት ይሆናል። ሐኪሙ እያንዳንዱን ጥርስ አላደነዘዘም፤ ከጥርሶቹ ሁሉ ወደ አንጎል የሚሄደውን አንድ ነርቭ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘው እንጂ። የጡት ብሎክም ይኸው ነው። ጡትና የደረት ግድግዳ ስሜታቸውን የሚልኩት በአብዛኛው ከአከርካሪ አጥንት ወጥተው በጎድን አጥንቶች መካከል በሚዞሩ ነርቮች ነው። እነሱን ከጀርባ፣ ከምንጫቸው አጠገብ መያዝ ይቻላል፤ ወይም በደረት ጡንቻዎች መካከል፣ ወደ ቆዳ በሚወጡበት ቦታ። ሴትዮዋ በሰመመን ተኝታ ቢላው ከመምጣቱ በፊት ይህ ከተደረገላት፣ ስትነቃ ህመሙ ገና መንገድ ላይ ነው። እንደ ብሎኩ ዓይነትና እንደ መድኃኒቱ መጠን ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ገደማ ይዘገያል። የመጀመሪያው ሌሊት በመሐል ያልፋል ማለት ነው።

ይህን መርፌ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ማን እንደሆነ ሳስብ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1884 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪየና ውስጥ ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይን ዐይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። ወሬው ኒው ዮርክ ሲደርስ ዊልያም ሃልስቴድ የተባለ ቀዶ ሐኪም መድኃኒቱን በመርፌ ወደ ነርቭ አጠገብ አስገባው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቹ አንዱ ይኸው ዛሬ ጥርስ የሚነቀልበት የመንጋጋ ነርቭ ነበር። ሙከራውን በራሱ ላይና በጓደኞቹ ላይ እያደረገ የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ፤ ከሱሱ ለመውጣት ሲታገል ሞርፊን ውስጥ ገባ፤ ዕድሜውን ሁሉ አልለቀቀውም። ይኸው ሰው በ1894 ከባልቲሞር ለዓለም ሌላ ነገር አቀረበ፦ ጡትን ከሥሩ ካሉት የደረት ጡንቻዎችና ከብብት እጢዎች ጋር አንድ ላይ የሚያነሣውን ቀዶ ሕክምና። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንሠራው የዚያ ቀዶ ሕክምና የለዘበ ልጅ ነው፤ ጡንቻዎቹን እንተዋለን፣ ብብቱን ግን እንጠርጋለን። አንድ ሰው በአንድ እጁ ቢላ፣ በሌላው መርፌ ይዞ መጣ። እኛ ቢላውን ተቀበልን። መርፌውን ጥርስ ሐኪም ቤት ተውነው።

የጡት ቀዶ ሕክምና ከሰመመን ጋር ያለው ዝምድና ከዚያም ይቀድማል። ሐናኦካ ሴይሹ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም ዕፅዋት ቀምሞ በሠራው የሚጠጣ ሰመመን አንዲት የስድሳ ዓመት ሴት አስተኝቶ የጡት ካንሰሯን ያወጣው በ1804 ነው፤ ቦስተን ላይ የኤተር ሰመመን ከመታየቱ 42 ዓመት በፊት። በአንጻሩ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ በ1811 ፓሪስ ውስጥ ጡቷ የተነሣው ነቅታ ሳለች ነው። ያንን ቀን ለእህቷ በደብዳቤ ጽፋለች፤ ለወራት ልታስበው እንኳ አልደፈረችም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሰላሳ ዓመት ገደማ ኖረች። ብትድን እንኳ ህመሙ አብሯት ዳነ። ሰው ሲቆረጥ ማመሙ ግፍ መሆኑን ዓለም ከተስማማ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ስፌቱ ካለቀ በኋላ ማመሙ ግፍ እንደሆነ ለመስማማት ግን ምን እየጠበቅን እንደሆነ አይገባኝም።

«ቅንጦት» ወደሚለው ልምጣ። ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በትሕትና ነው፦ «አንተ የምትለው ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ድሆች ነን።» እኔ ደግሞ ነገሩ የተገለበጠ ነው እላለሁ። ሀብታም ሆስፒታል ብሎክ ባይሠራም ሞርፊን አለው፣ በሽተኛዋ ራሷ ቁልፍ ተጭና የምትወስድበት ፓምፕ አለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን የሚቆጥር ነርስና ማሽን አለው። በ2017 የወጣ አንድ የታወቀ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሰላው፣ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። እንዲህ ላለ አገር ዋና መተማመኛው ሞርፊን ሊሆን አይችልም። ነርሷ አንድ፣ አልጋው ብዙ፣ ፓምፑ የለም። ቀን ሠርተውት ሌሊቱን ያለ ማንም ጠባቂ የሚሠራ መድኃኒት ያስፈልገናል። ብሎክ ያ ነው። ቅንጦቱ ከሌላው ወገን ነው፤ ብሎክ ላለመሥራት የሚችል ሀብታም ብቻ ነው።

መድኃኒቱስ? ቡፒቫኬን ይባላል። በ1957 ስዊድን ውስጥ የተሠራ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በአገራችን ወገቧን ተወግታ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ብዙውን ጊዜ የወሰደችው እሱን ነው። ለወገብ የሚሆነው ስኳር የተቀላቀለበትና ከበድ ያለው ነው፣ ለብሎክ የሚያስፈልገው ግን ያልተቀላቀለው፤ ይህን ፋርማሲው አስቀድሞ ማወቅ አለበት፣ ልዩነቱ ግን ይኸው ነው። መድኃኒቱን የሚያውቅ፣ መርፌውን የሚይዝ፣ ነርቭ የት እንዳለ የተማረ ሰው በየኦፕራሲዮን ክፍሉ አለ። በኢትዮጵያ ሰመመን በአብዛኛው የሚሰጠው ሐኪም ባልሆኑ፣ ለዚሁ ሙያ በዲግሪ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ነው፤ በቀን ስንት ወገብ እንደምንወጋ የሚያውቅ ሰው «እጃቸው አይችልም» ሊለን አይገባም።

ከዚያ አልትራሳውንድ ይመጣል። እውነት ነው፣ ዛሬ ብሎክ የሚሠራው መርፌው ሲሄድ በአልትራሳውንድ እየታየ ነው፣ እኔም ካለ እሱን ነው የምመርጠው። ሆኖም ከአከርካሪው አጠገብ የሚሠራው ብሎክ ከ1905 ጀምሮ፣ አልትራሳውንድ ሳይኖር፣ በጣትና በአጥንት መለኪያ ሲሠራ ኖሯል። ማሽኑ በሌለበት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ በሚገርም ሁኔታ ማንም አያነሣውም። ቀዶ ሐኪሙ ጡቱን አንሥቶ ብብቱን ከጠረገ በኋላ ትልቁ የደረት ጡንቻ፣ ከሥሩ ያለው ትንሹ፣ ከጎን ያለው ጥርሳም ጡንቻ ሁሉ ዐይኑ ፊት ተዘርግተዋል። አልትራሳውንድ ሊያሳየኝ የሚደክመውን ነገር እሱ በገሃድ እያየው ነው። ከመስፋቱ በፊት በትልቁና በትንሹ ጡንቻ መካከል 10 ሚሊ ሊትር፣ በትንሹና በጥርሳሙ መካከል 20 ሚሊ ሊትር ቢያስገባ ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ አሠራር የተጠናና የተጻፈ ነው። ቀዶ ሐኪሞቻችን ይህን ባለማድረጋቸው እኔ ሰመመን ሰጪው እጠየቃለሁ፤ መርፌውን ሞልቼ ያቀበልኩበት ቀን የለምና።

በነገራችን ላይ በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል የሚሠራውን ይህን ብሎክ ራፋኤል ብላንኮ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም ያስተዋወቀው በ2011 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብብትንም እንዲሸፍን አሰፋው። ከዚያ ወዲህ የብሎክ ዓይነት እንደ ስልክ ሞዴል በየዓመቱ እየተፈለፈለ ነው። በ2016 ከጀርባ ጡንቻ ሥር የሚሠራ አንድ መጣ፤ ቀላል ስለሆነ ወጣቶቹ ወደዱት፣ ውጤቱ ግን ከሴት ሴት ይለያያል። አዲስ ስም ያለው ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ማስረጃውን ሁሉ መዝኖ በ2020 የወጣው የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ያስቀደመው ያንን ከአከርካሪ አጠገብ የሚሠራውን የ1905 አሮጌ ብሎክ ነው፤ የብላንኮን ደግሞ እንደ አማራጭ። የብላንኮ ብሎክ ወደ ደረት መሐል አጥንት ያለውን የጡት ክፍል በደንብ አይይዝም፤ ይህን ለበሽተኛዋ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ አለዚያ «አያምሽም ብላችሁኝ ነበር» ትለናለች፣ እውነቷንም ነው።

አደጋውን እንዳልሸሽግ። መርፌው ሳንባን ሊነካ ይችላል፤ ከአከርካሪው አጠገብ ሲሠራ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። መድኃኒቱ በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ከመጠኑ ካለፈ ልብን ሊያቆም ይችላል። መጠኑ በኪሎ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው ብለን ብንይዝ፣ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ጣሪያዋ 100 ሚሊግራም ነው፤ ቅድም ያልኩት 30 ሚሊ ሊትር፣ ቀጠን ተደርጎ ሲሰጥ 75 ሚሊግራም ይሆናል። ሴትዮዋን ሳይመዝን «ደቃቃ ናት፣ ወፍራም ናት» እያለ የሚገምት ሰው ብሎክ መሥራት የለበትም። መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ፣ በየመሐሉ ወደ ኋላ እየሳቡ ደም አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው። ችግር ቢመጣ የሚሰጠው ፈውስ የቅባት ፈሳሽ ነው፤ ይህ ነገር በመደርደሪያው ከሌለ መጀመሪያ እሱ ይገዛ፣ ብሎኩ ይቆይ። ይህን ስል ተቃዋሚዎቼ ደስ ይላቸው ይሆናል። ግን ያንኑ ጥያቄ ለወገብ መርፌም፣ ለማንኛውም ማደንዘዣ ይጠይቁት፤ ለእናቶች ወገብ ስንወጋ ማንም ቅባቱ የት አለ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። አደጋ ትዝ የሚለን ብሎክ ሲነሣ ብቻ ከሆነ፣ ፍርሃታችን ከአደጋው አይደለም።

የእኔው ወገን የሚያበዛውም አለ፤ እሱን ዝም ብዬ ባልፍ ክርክሬ የሐቀኛ ክርክር አይሆንም። ብሎክ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደርጋል የሚል ተስፋ ለዓመታት ሲነዛ ነበር። ምክንያት የሚመስል ምክንያትም ነበረው፦ ብሎክ ሞርፊን መሰል መድኃኒቶችንና የሚተነፈስ ሰመመንን ይቀንሳል፣ እነዚያ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ያደክማሉ ተባለ። በ2019 ከ2,100 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ በስምንት አገሮች 13 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ወጣና ተስፋውን ዘጋው። ከአከርካሪ አጠገብ ብሎክ በተሠራላቸውና ባልተሠራላቸው ሴቶች መካከል ካንሰሩ የተመለሰባቸው ቁጥር አልተለያየም፤ በሁለቱም ወገን ከመቶ አሥር ገደማ ነው። ለበሽተኛ ይህን ብሎክ «ካንሰር ይከላከላል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ውሸቱን ነው።

ያ ጥናት ሌላም ነገር ዘጋ፤ ለእኔ የበለጠ የሚያመው እሱ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ከ3,200 የሚበልጡ ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች ተጠይቀው፣ ከቀዶ ሕክምናው አንድ እስከ ሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 47ቱ አሁንም ህመም አለን እንዳሉ በ2009 ታትሟል። ብብት ሲጠረግ በመንገድ ላይ የምትገኝ ወደ ክንዱ ውስጠኛ ክፍል የምትሄድ ቀጭን ነርቭ አለች፤ ብዙ ጊዜ ትቆረጣለች ወይም ትጎተታለች፤ ሴቶቹ ለዓመታት «ክንዴ ውስጥ በርበሬ የተነሰነሰ ያህል ያቃጥለኛል» የሚሉት ከእሷ ነው። ትንንሽ ጥናቶች ሲደመሩ ብሎክ ይህን የቆየ ህመም ይቀንሳል የሚል ምልክት ነበር፣ እኔም ለተማሪዎቼ እንደ እርግጥ ነገር አስተምሬዋለሁ። ትልቁ ጥናት ግን በስድስት ወርም በዓመትም ልዩነት አላገኘም፤ በዓመት ሲጠየቁ በአንዱ ወገን ከመቶ 28፣ በሌላው 27 ሴቶች ህመሙ ነበራቸው። ነገሩ ገና እየተጠና ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን «ያልኳችሁን ሰርዙት» ብያቸዋለሁ።

ታዲያ ምን ቀረ? የመጀመሪያው ሌሊት ቀረ። ከዚህ በላይ ምክንያት ለምን እንደሚያስፈልገን ነው የማይገባኝ። ህመምን ለማከም ህመሙ ራሱ አይበቃም? ሁልጊዜ ሌላ ዋስ እንፈልጋለን፤ ካንሰር ይከላከላል፣ ከሆስፒታል ቶሎ ያስወጣል፣ ወጪ ይቆጥባል እንላለን። አንዲት ሴት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ ማየቷ ብቻውን ለአስተዳዳሪ አቤቱታ አይሆንም። ብሎክ የተሠራላት ሴት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ህመሟ ይቀንሳል፣ ሞርፊንና መሰሎቹን የምትፈልገው ያነሰ ነው፣ ማስታወኩም ይቀልላታል፤ በዚህ አብዛኞቹ ጥናቶች ይስማማሉ። ደረቷ ላይ አዲስ ስፌት ያላት ሴት ስታስታውክ አይታችሁ ከሆነ፣ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ከቀዶ ሐኪሞች የምሰማው አንድ ጥሩ ክርክር አለ። «የጡት ቀዶ ሕክምና ሆድ እንደመክፈት አይደለም፤ ብዙዎቹ በማግስቱ ተነሥተው ሻይ ይጠጣሉ» ይሉኛል። እውነት አለው። ሁሉም ሴት እኩል አይታመምም፤ አንዲት ትንሽ እብጠት ብቻ የወጣላት ሴት በስፌቱ ዙሪያ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ በሰዓቱ ከወሰደች ይበቃታል፤ እሷን ከጀርባዋ መውጋት ማብዛት ነው። ግን የእኛ አገር በሽተኛ ብዙ ጊዜ እንዲያ አይደለችም። በኢትዮጵያ በ2020 ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች የጡት ካንሰር እንደያዛቸው ተገምቷል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚደርሱት እብጠቱ ከገፋ በኋላ ነው። በእርሻው፣ በፀበሉ፣ በልጆቹ ትምህርት፣ በገንዘቡ ጉዳይ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይነሣል፣ ብብቱም ይጠረጋል። አውሮፓ ውስጥ በሚሠራ ጡትን በሚያስቀር ቀዶ ሕክምና ልክ የእኛን ሴት ህመም መመዘን ትክክል አይደለም። ተነሥታ ሻይ መጠጣቷስ? በየትኛው እጅ እንደያዘችው ብታዩ ኖሮ።

ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ስል ደግሞ ብሎክ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ መናገሬ ነው። ብሎኩ ሲለቅ፣ ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ህመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚያ ሰዓት እነዚህ መድኃኒቶች ቀድመው ሥራቸውን የጀመሩ መሆን አለባቸው። በሰዓት ይታዘዙ፤ «ሲያስፈልግ» ተብለው አይታዘዙ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ካርድ ላይ የአንድ ቃል ለውጥ ነው። ብሎክ መጀመር ያልቻለ ሆስፒታል ይህን ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል።

ጊዜ የለም የሚለውን ክርክር ብዙም አልቆይበትም። ብሎክ ሲለመድ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ኦፕራሲዮን ክፍላችን ጠዋት የሚጀመርበትን ሰዓት የሚያውቅ ሁሉ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚጠፋው በማን እንደሆነ ያውቃል።

እኔ በዚያ ሌሊት ምን አደረግሁ? ትራማዶሉን ራሴ ወጋኋቸው፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ አስታወኩ። እህታቸው ነቅታ ፌስታል ያዘችላቸው። ጠዋት ላይ በዙር ስንመጣ «ማታ እንዴት አደሩ?» ተባሉ፤ «ተመስገን፣ ደህና አደርኩ» አሉ። ሬዚደንቱም እንዳሉት ጻፈው። በካርዳቸው ላይ እስከ ዛሬ የሚነበበው ያ ነው፦ ደህና አድረዋል።

ነገ ጡቷ የሚነሣ እናት፣ እህት ወይም ሚስት ያለቻችሁ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስሟንና ዕድሜዋን ሊጠይቃት ወደ አልጋዋ የሚመጣ የሰመመን ባለሙያ አለ። ብዙ ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አይጠይቀውም። እናንተ ጠይቁት፦ «ለሌሊቱ ምን አስበህላታል?» በሉት። «ትራማዶል፣ ሲያስፈልግ» ካላችሁ፣ ብሎክ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። አልትራሳውንድ የለም ካላችሁ፣ ከመስፋቱ በፊት ቀዶ ሐኪሙ ሊሰጣት ይችል እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።